ታንኩ ተገዛ፣ ርክክቡም አለቀ፤ ወተቱ ግን አሁንም ይመለሳል። የሚያስፈልገን ሌላ ፕሮጀክት ነው ወይስ የሥራ ሂደት?

የመንቆረር ልጅ፣ ጥር 4፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት፤ እንደምን አመሻችሁ? ነገሬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለ አንድ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። 80 አባላት በየማለዳው ወተታቸውን ያመጡልናል። እኛ ተረክበን እናቀዘቅዛለን፣ ከዚያ ለካፌዎች፣ ለሆቴሎችና ለአንድ አቀነባባሪ እናስረክባለን። በቀን 600 ሊትር ገደማ ያልፍብናል።

አምና ዋናው ሕመማችን ተመላሽ ወተት ነበር። ገዢው ሲፈትሸው ይቆራረጥበታል፣ "ውሰዱልኝ" ይላል፣ ኪሣራው ተደልድሎ አባላት ላይ ያርፋል። ለዚህ ተብሎ በድጋፍ ገንዘብ የ8 ወር የጥራት ማሻሻያ ፕሮጀክት ተቀረጸ። የማቀዝቀዣ ታንክ ተገዛ፣ ጄኔሬተር ተተከለ፣ አባላት ሁለት ቀን ሠለጠኑ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ የመዝጊያ ሪፖርቱም በጊዜው ገባ። ዕቅዱ ላይ ከተጻፈው አንድም የቀረ ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ ለሁለት ወር ተመላሹ በእርግጥ ቀነሰ። በሦስተኛው ወር ብቅ ማለት ጀመረ። ኅዳር ላይ በአንድ ቀን ብቻ 90 ሊትር ተመለሰብን።

በቀን 4 ሊትር የሚያመጡ አንድ አባት አሉን። በአሥራ አምስት ቀኑ ክፍያ ተቀናሹን ሳነብላቸው ምንም አላሉኝም፤ ብሩን ቆጠሩ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ወጡ። ዝምታቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን ቦርዱ "ሁለተኛ ዙር ፕሮጀክት ቅረጪ" ብሎኛል። ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፤ እጄ ግን አልሄደም። የመጀመሪያው ፕሮጀክት አልከሸፈም እኮ፤ ተሳክቶ ነው ያለቀው። የተሳካው ችግሩን ካልፈታው ሁለተኛው በምን ይፈታዋል? ሥራ ማሻሻል ማለት ፕሮጀክት መሥራት ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ባለ ሱቁ፣ ጥር 4፣ ከምሽቱ 3፡05

ታንኩ ራሱ ይሠራል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ማነው?

የመንቆረር ልጅ፣ ጥር 4፣ ከምሽቱ 3፡20

ይሠራል። ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ፣ 4 ዲግሪ ላይ ነው፤ መሆን ያለበትም እሱ ነው። ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ጥበቃው ነው። ነዳጅ አልቆ ያደረበት ሌሊት ግን ነበር፤ ነዳጁን ማን መሙላት እንዳለበት የትም አልተጻፈም።

ጡረተኛው፣ ጥር 5፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ፣ ከጻፍሽው ሁሉ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት እንቅልፍ የነሣችኝ። "ነዳጁን ማን መሙላት እንዳለበት የትም አልተጻፈም።"

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። በ2000 ዓ.ም አካባቢ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ቢፒአር የምንለው፣ ሲመጣ በጥናት ቡድኑ ውስጥ ነበርኩ። ሐሳቡን በ1990 እ.ኤ.አ. ያነሣው አሜሪካዊው ማይክል ሐመር ነው። ባለጉዳይ በበር ከገባበት ጀምሮ ጉዳዩ አልቆ እስኪወጣ ያለውን መንገድ በሙሉ እንደ አንድ ሥራ እይ፣ በየክፍሉ የተቆራረጠውን አገናኝ ነው ነገሩ። እኛ ዘንድ ስድስት ጠረጴዛ የሚዞር አንድ ፈቃድ ነበር፤ ወደ ሁለት ጠረጴዛ አወረድነው። ባለጉዳዮች ሲመርቁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥናቱ ጸደቀ፣ ቡድኑ ተበተነ።

ከዚያ ቃሉ ራሱ ተለወጠብን። "የሥራ ሂደት" ማለት ጉዳዩ የሚሄድበት መንገድ መሆኑ ቀረና የክፍል ስም ሆነ። "የየትኛው የሥራ ሂደት ነህ?" "የፋይናንስ የሥራ ሂደት።" ተጽፎ በር ላይ ተለጠፈ። "የሥራ ሂደት ባለቤት" ሲባልም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሥራውን የሚጠብቅ ሰው ማለት መሆኑ ቀርቶ የሹመት መጠሪያ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ፈቃድ አምስት ጠረጴዛ ይዞር ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም። አንዱ ለጥንቃቄ ብሎ ፊርማ ጨመረ፣ አንዱ ለመዝገብ ብሎ ቅጂ ጠየቀ። "ይህ ለምን ተጨመረ?" የሚል ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

እኔ ፕሮጀክትን ዘመቻ እለዋለሁ። የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን አለው፣ የራሱ በጀት አለው፣ ለእሱ ተብሎ የተሰበሰበ ሰው አለው፣ ሲያልቅ ሰው ወደየቤቱ ነው። የሥራ ሂደት ግን ነገም ከነገ ወዲያም ያው የሚደገም ነው፤ ላም በጥምቀትም ትታለባለች። እናንተ የዘመቻውን ጨርሳችኋል። ዘማቹ በሄደ ማግስት ሥራው በማን እጅ እንደቀረ ነው ያልተነገራችሁ።

ዓባይ ማዶ፣ ጥር 5፣ ከቀኑ 6፡30

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። በፕሮጀክት ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁና ነገሩ ያገባኛል።

"ፕሮጀክት አልቆ ይሄዳል" እየተባለ ብዙ ይወቀሳል። ነገር ግን ማለቁ ጉድለቱ አይደለም፤ የተፈጠረው ለዚያ ነው። የባሕር ዳሩን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አስቡት። 380 ሜትር ርዝመት አለው፣ በ2016 ዓ.ም ግንቦት ላይ ተመረቀ። አሮጌው ድልድይ ላይ መኪናውን የቱንም ያህል በሥርዓት ብናስተናብር ያንን ስፋት አናገኝም ነበር። የሌለ ነገር በዕለት ተዕለት ጥንቃቄ አይመጣም፤ ገንዘብ፣ ጊዜና ኃላፊ ተመድቦለት አንድ ጊዜ ይሠራል። የእህታችን ታንክም እንደዚያው ነው። ያለ ታንኩ ያ የሁለት ወር መቀነስም ባልመጣ ነበር።

የምቀበልዎት አንድ ነገር አለ። የመዝጊያ ሪፖርት ቅጾቻችን ላይ "ተገዝቷል? ተተክሏል? ሠልጥነዋል?" የሚል ረድፍ አለ። "ከስድስት ወር በኋላ በየቀኑ ማን ይሠራዋል?" የሚል ረድፍ ግን ሞልቼ አላውቅም። ይህንን ስጽፍ ወደኋላ ሄጄ የዘጋኋቸውን ሥራዎች እያሰብኩ ነው። ሁለት የውሃ ነጥቦች ዛሬ እንደማይሠሩ አውቃለሁ፤ ያበላሻቸው የብር ጉዳይ አልነበረም፤ የቧንቧው ማጥበቂያ ጎማ ሲያልቅ ማን እንደሚቀይረው ስላልተወሰነ ነው።

የመራዊ ውሃ፣ ጥር 5፣ ከምሽቱ 1፡50

ድልድይ ከተነሣ እኔ የቆጋን መስኖ ላንሣ። ግድቡ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተሠራ፣ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የታሰበ ነው። ግድቡ፣ ዋናው ቦይ፣ ውሃ የሚያድርባቸው ኩሬዎች ሁሉ የፕሮጀክት ሥራ ናቸው፤ ተሠርተው አልቀዋል። ውሃው ግን በየሳምንቱ ተራ ነው።

የእኛ ማሳ ከቦዩ ጫፍ ላይ ነው። በጋ ከመግባቱ በፊት ደለሉ ካልተጠረገ፣ ሣሩ ካልታጨደ የላይኛው ጠግቦ እኛ እንደርቃለን። ተራ የሚያሲዘው የውሃ አባት ጠንከር ባለበት ዓመት ሽንኩርታችንን አምርተን እንሸጣለን። በላላበት ዓመት ያው ግድብ፣ ያው ቦይ፣ ያው ውሃ እያለ መደባችን ይሰነጠቃል። አባቴ ሌሊት ፋኖስ ይዞ ወደ ላይ ወጥቶ ማን ቦዩን እንደጠለፈው ሲፈልግ አድሯል። ግድቡ በዚያ ሌሊትም ሙሉ ነበር።

ግሬራ፣ ጥር 6፣ ከጠዋቱ 3፡10

ልጆቼ፣ ስለ ግድብና ስለ ድልድይ አላውቅም፤ ወተት ግን አውቃለሁ። ባሕር ዳር ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ወተትና እርጎ ሸጬ ልጆች አሳድጌበታለሁ።

የመንቆረር ልጅ፣ አባሎችሽ ወተቱን የሚያመጡት በምንድን ነው? በጀሪካን ካልሽኝ ታንኩን ለጊዜው ተይው። የጀሪካን እጀታ ውስጡ ክፍት ነው፤ ወተት ይገባበታል፣ ብሩሽ ግን አይደርስበትም። አንዱን አሮጌ ጀሪካን እጀታው ላይ በቢላ ሰንጥቂውና አሽቺው። የዛሬ ወር ወተት እዚያ ውስጥ ደርቆ ታገኚዋለሽ። በየማለዳው አዲሱ ወተት ላይ እርሾ እየጨመራችሁ ነው ማለት ነው።

እናቴ የምታልበው በግሬራ ነበር። ግሬራው በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። በየቀኑ። ሳይታጠን የዋለ ግሬራ ወተት አይገባበትም። ይህን ማንም ጠርቶ አላሠለጠናትም። አንድ ቀን ብታሳልፈው በማግስቱ አያቴ እርጎውን ቀምሳ "ዛሬስ ዕቃው አልታጠነም" ትላታለች። እናቴ ከዚያ ሌላ ሥልጠና አልነበራትም።

ስናን፣ ጥር 6፣ ከጠዋቱ 4፡00

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ጀሪካን ሰንጥቄ አየሁ። ልጆቼ የሚጠጡበት ነበር። ሌላ ምንም አልጽፍም።

ፖሊ፣ ጥር 6፣ ከምሽቱ 2፡15

ባሕር ዳር ኢንዱስትሪያል ምህንድስና ነው የተማርኩት። እማማ "አያቴ ትቀምሰዋለች" ያሉትን በትምህርት ቤት ቋንቋ ላስቀምጠው፤ ምክንያቱም የመንቆረር ልጅ ሥራ ላይ የጎደለው እሱ ነው። አያት በየቀኑ ትቀምሳለች፣ የቀመሰችውን ወዲያው ትናገራለች፣ የምትናገረውም ዕቃውን ላጠበችው ሰው ነው። እናንተ ዘንድ የሚቀምሰው ገዢው ነው። ወተቱ ከ80 ሰው ተቀላቅሎ ታንክ ውስጥ ካደረ በኋላ ይቀምሰዋል፤ ወሬው ደግሞ ለገበሬው የሚደርሰው በአሥራ አምስት ቀኑ፣ በተቀናሽ መልክ ነው። ያ አባት ዝም ቢሉ ምን ይበሉ? ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚነግራቸው ነገር የለም።

በ1924 እ.ኤ.አ. ዋልተር ሺዋርት የሚባል አሜሪካዊ የስልክ መሣሪያ በሚያመርት ድርጅት ሲሠራ አንድ ቀላል ሥዕል ሣለ። የየቀኑን ጉድለት በነጥብ አስቀመጠ፣ መሐል ላይ አማካዩን፣ ከላይና ከታች ወሰን አሰመረ። በወሰኑ ውስጥ ወጣ ገባ የሚለው ጉድለት ከሥራው አሠራር ራሱ የሚወለድ ነው፤ ከወሰኑ ወጥቶ የሚዘለው ደግሞ የራሱ ልዩ ምክንያት አለው። ኤድዋርድስ ዴሚንግ በ1950 እ.ኤ.አ. ጃፓን ሄዶ ያስተማረው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ያስከፍላል። ነዳጅ አልቆ ባደረበት ሌሊት የተበላሸው ወተት ልዩ ምክንያት አለው፤ ነዳጁን ሙሉ፣ ኃላፊ መድቡ፣ አበቃ። በየቀኑ የሚመለሰው ጥቂት ጥቂት ሊትር ግን ጥፋተኛ ቢፈለግለት አይገኝም፤ ከዕቃው፣ ከሰዓቱ፣ ከአጠባው ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ፕሮፖዛሉን ለሃያ ቀን አቆዪው። እስከዚያው በሩ ላይ እያንዳንዱን ዕቃ በአልኮል ፈትሹ፤ እኩል ወተት ከእኩል አልኮል ጋር በትንሽ ብልቃጥ ማዋሐድ ነው፣ ከተቆራረጠ አይገባም። መዝገብ ላይ አምስት ነገር ጻፊ፦ ቀኑን፣ ስንት ሰዓት እንደታለበ፣ ስንት ሰዓት እንደደረሰ፣ በምን ዕቃ እንደመጣ፣ አልፎ እንደሆነ። ሰው አትቅጪ፣ ሥርዓትም አትቀይሪ። መጀመሪያ ሥራውን እንዳለ እዪው።

ቡሬ ሜዳ፣ ጥር 7፣ ከጠዋቱ 12፡50

ከሌሊት ፈረቃ እየወጣሁ ስለሆነ አጭር ነው የምጽፈው። ካይዘን፣ ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን አሠራር፣ ወደ አገራችን የገባው በ2000 ዓ.ም ጃፓን ላይ ከተካሄደው የአፍሪካ ልማት ጉባኤ በኋላ ነው። 30 ድርጅቶች ላይ ተሞክሮ በ2004 ዓ.ም ኢንስቲትዩቱ ተቋቋመ። እኔም በሥራ ቦታዬ "አምስቱ ማ" የሚባለውን ሠልጥኛለሁ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት በአንድ ወር አለቁ። ወለሉ ላይ ቢጫ መሥመር ተቀባ፣ መፍቻው ሁሉ ቦታ ተሰጠው። አምስተኛው "ማዝለቅ" ነው። እሱ ላይ ስንደርስ አሠልጣኞቹ ሄደው ነበር።

በዓመቱ ቢጫው መሥመር በፎርክሊፍት ጎማ ተፍቆ አለቀ። ያዳነን አንድ የፈረቃ ኃላፊያችን ነው። ፈረቃ በተለወጠ ቁጥር ወጪውንና ገቢውን ሰሌዳ ፊት አሥር ደቂቃ ያቆመናል። "ትናንት ምን ቆመ? ለምን? ዛሬ ማን ያየዋል?" ይላል፤ ሌላ አይጠይቅም። በብርድም በጾምም አልተወውም። የተፋቀውን መሥመር መልሰን የቀባነው ከዚያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ስምንት ቀን ስላየነው ነው። የተሻሻለው ነገር ሁሉ ከዚያ አሥር ደቂቃ ነው የወጣው፤ ደመወዝ አልተጨመረበትም፣ በጀት አልተያዘለትም።

ስናን፣ ጥር 7፣ ከቀኑ 8፡20

አልጽፍም ብዬ ነበር፤ ግን እየተከታተልኩ ነው። በእኛ ሀገር አባባል ፕሮጀክት ደቦ፣ የሥራ ሂደት ደግሞ ወንፈል ነው ማለት ይቻላል? ደቦ ላይ ባለቤቱ ድግሱን ደግሶ ሰው ይጠራል፣ አዝመራው በአንድ ቀን ይታጨዳል፣ ጠላው ይጠጣል፣ ያበቃል። ወንፈል ዛሬ ከእኔ፣ ነገ ካንተ፣ ከነገ ወዲያ ከእሷ እያለ ይዞራል።

ጡረተኛው፣ ጥር 7፣ ከምሽቱ 12፡40

ጥሩ ብለሃል፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። ወንፈል የሚጸናው ተራው ስለሚታወቅ ነው። የዛሬው ባለ ተራ ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ የቀረ ሰው በተራው ብቻውን ያርሳል። ማስታወሻ አያስፈልገውም። ወተት ቤቱም ላይ ያ ዕውቀት መኖር አለበት፤ ዛሬ ታንክ አጣቢው ማነው ሲባል ሦስት ሰው ተጠይቆ ሦስቱም አንድ ስም ሊጠራ ይገባል።

ዓባይ ማዶ፣ ጥር 7፣ ከምሽቱ 1፡30

ደቦም ቢሆን ትርፍ ሰዓት ያለው ሰው ጨዋታ አይደለም ጋሼ። ዝናብ ሊመጣ ሲል የደረሰውን ጤፍ የሚያድነው ደቦ ነው። መቼ የትኛውን እንደምንጠራ ማወቁ ላይ ግን ተስማምተናል መሰለኝ።

የመንቆረር ልጅ፣ የካቲት 2፣ ከምሽቱ 3፡00

ተመለስኩ። ከጥር 12 እስከ የካቲት 1 ሃያ ቀን ሙሉ መዘገብን። ያገኘነውን እንዳለ አቀርባለሁ።

ሃያ ቀን፣ 80 ሰው፤ 1,600 ዕቃ ፈተሽን። በአልኮል የወደቀው 112 ነው። በቀን በአማካይ 42 ሊትር ገደማ፤ ዝቅተኛው ቀን 26፣ ከፍተኛው 61። ሥዕሉን ፖሊ እንዳለው ሣልኩት፤ ከወሰኑ የወጣ ቀን የለም። የታንኩ ሙቀት ከአንድ ቀን በቀር ልክ ነበር። ገዢው በእነዚህ ቀናት የመለሰብን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ መጥፎው ከበር ስለቀረ። ስለዚህ ያልዳነው ወተት ታንኩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነበር የሚበላሸው።

ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት የሚወድቀው ከሌሎቹ ቀናት ይበልጣል። አንድ ሳምንት ሙሉ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። የምታጸዳልን እህት ናት የፈታችው፦ "ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ የማታው ወተት ቤት ውስጥ አይጠጣም፣ ከጠዋቱ ጋር ይደባለቅና ይመጣል።" ይኼ ሁሉ ጊዜ ዓይናችን ሥር ነበር። በፕሮጀክቱ ሥልጠና ላይ ስለ ባክቴሪያ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ረቡዕ ማታ ግን ማንም አላነሣም።

ከወደቁት 112 ዕቃዎች 97ቱ ጀሪካን ናቸው። እማማ ግሬራ፣ እጅዎን እስማለሁ።

ፖሊ፣ የካቲት 2፣ ከምሽቱ 3፡25

ድንቅ ሥራ ነው። አንድ ጥያቄ ግን፦ ከ80ው አባላት ስንቱ ነው በጀሪካን የሚያመጣው? ሰባው ቢሆኑ 97ቱ ብዙ አይናገርም።

የመንቆረር ልጅ፣ የካቲት 2፣ ከምሽቱ 3፡40

34ቱ በጀሪካን፣ 46ቱ በአሉሚኒየም ዕቃ።

ፖሊ፣ የካቲት 2፣ ከምሽቱ 4፡10

እንግዲያው በጀሪካን ከመጣው 680 ውስጥ 97 ወደቀ፤ ከመቶ 14 ማለት ነው። በአሉሚኒየም ከመጣው 920 ውስጥ 15፤ ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም። ይኼ ይናገራል።

ሰልፉንም ተመልከቺ። አልኮል ፍተሻው ከተጨመረ በኋላ አንድ ሰው ለማስተናገድ ስንት ይፈጃል? አንድ ደቂቃ ተኩል ብንለው በሰዓት 40 ሰው ነው። 40 ሰው ተሰልፎ ካለ ለመጨረሻው ሰው አንድ ሰዓት ነው ማለት ነው። በሰልፍ ያለው ሰው ብዛት በሰዓት ከሚገባው ሰው ብዛትና እያንዳንዱ ከሚቆይበት ጊዜ ብዜት ጋር እኩል መሆኑን ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. አረጋግጦታል፤ ስለዚህ በየማለዳው ሰልፉን ብትቆጥሪ ሰዓት ሳትይዢ መቆያውን ታውቂዋለሽ። ሌሊት 11 ሰዓት ታልቦ አንድ ሰዓት ተኩል የተጓዘ ወተት ደጃችሁ ላይ ሌላ ሰዓት ፀሐይ እየሞቀ ነው። ጥራት ለመፈተሽ ብለን ራሳችን ጥራቱን እንዳናበላሸው።

የመንቆረር ልጅ፣ የካቲት 3፣ ከጠዋቱ 4፡30

ዛሬ ቆጠርኩት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ 37 ሰው ተሰልፎ ነበር። ያ በቀን 4 ሊትር የሚያመጡት አባት ሠላሳ አንደኛ ነበሩ። በሃያው ቀን ዘጠኝ ጊዜ ወድቀዋል። ከሁሉም ሩቅ የሚመጡት እሳቸው ናቸው፤ ሩቅ ስለሆኑ ዘግይተው ይደርሳሉ፣ ስለዘገዩ ከኋላ ይሰለፋሉ። አንድ ዓመት ሙሉ "ጥንቃቄ ያድርጉ እንጂ" ስላቸው ነበር። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

ዓባይ ማዶ፣ የካቲት 3፣ ከቀኑ 7፡00

እህቴ፣ ፕሮፖዛሉን አሁን ጻፊው፤ ረቂቁን እኔ አግዝሻለሁ። ትንሽ ፕሮጀክት ይሁን። 34 የአሉሚኒየም ዕቃ፣ የሞቀ ውሃ ያለው ማጠቢያ፣ ሁለተኛ ሚዛንና ሁለተኛ ተረካቢ። ሦስት ወር ይበቃዋል። መዝጊያው ላይ ግን "ተገዛ" ብለሽ አትዝጊው። "ሃያ ተከታታይ ቀን በመዝገቡ ላይ የወደቀው ዕቃ በቀን ከሁለት ሳይበልጥ፣ መዝገቡን የሚይዘው ሰው ፈርሞ ሲረከብ" ብለሽ ዝጊው። በ11 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ መዝጊያ ጽፌ አላውቅም፤ የመጀመሪያዬ ይሁንልኝ።

የሐሙስና የቅዳሜው ጉዳይ ግን ፕሮጀክት ውስጥ አይግባ። እሱ ብር አይፈልግም። ረቡዕና ዓርብ ማታ መሰብሰቢያውን ለአንድ ሰዓት መክፈት ብቻ ነው፤ ታንኩ እኮ ሌሊቱንም ይሠራል።

ጡረተኛው፣ የካቲት 3፣ ከቀኑ 9፡15

ሁለት ስም ጻፊ። አንድ ባለቤትና እሱ ሲታመም የሚተካው። "ኮሚቴው ይከታተላል" ከተባለ ማንም አይከታተለውም፤ ይህን በሠላሳ ዓመት አይቻለሁ። ደግሞም ባለቤቱ "ይህ ለምን ተጨመረ?" የማለት ሥልጣን ይኑረው፤ ሊቀመንበሩንም ቢሆን።

የመንቆረር ልጅ፣ የካቲት 9፣ ከምሽቱ 2፡20

የቦርዱ ስብሰባ ትናንት ነበር፤ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ትልቅ ነገር ጠብቀው ስለነበር መጀመሪያ ቅር አላቸው። አንዱ "ለ34 ዕቃ ፕሮጀክት ይባላል?" አለ። መዝገቡን አወጣሁና በየአባሉ ስም አነበብኩት። የእሱ ቤት ዕቃ ሰባት ጊዜ ወድቋል። ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛው ዙሪያ ሌላ ወሬ ነው የተወራው።

የዕቃው ዋጋ ግማሹ ከማኅበሩ፣ ግማሹ ከአባሉ ክፍያ በአራት ጊዜ እንዲቀነስ ተወሰነ። የረቡዕና የዓርብ ማታ መረከቢያ ከመጪው ሳምንት ይጀመራል። የቅርብ ጎጦች ከ12፡30 በፊት፣ የሩቆቹ ከዚያ በኋላ እንዲመጡና ሲደርሱ ሳይሰለፉ እንዲስተናገዱ ተስማምተናል።

የመዝገቡ ባለቤት ያቺ ስለ ጾሙ የነገረችን እህት ሆናለች። ለጽዳት ተቀጥራ ነው የገባችው፤ ደመወዟም ከኃላፊነቱ ጋር እንዲስተካከል አስወስኛለሁ። ስንነግራት መጀመሪያ ያለችው "ስታመምስ ማነው?" ነው። ጋሼ፣ የእርስዎን ጽሑፍ አንብባው አታውቅም። ተተኪዋ ጥበቃው ነው፤ የነዳጁም ነገር አብሮ በእሱ ስም ተጽፏል።

ለአባታችን ከቢሮ አንድ የአሉሚኒየም ዕቃ አውሼያቸው ነበር። አምስት ቀን አልፈዋል። ዛሬ ብልቃጡን ራሳቸው አንሥተው ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩትና "ጠራ" አሉ።

አሁን የሚያሳስበኝ ሁዳዴ ነው። 55 ቀን ካፌዎቹ አይወስዱም፤ ወተቱ አብዛኛው ወደ ቅቤ ይዞራል። መዝገባችን የተሠራው ለሚሸጥ ወተት ነው፤ ለቅቤ ምን መጻፍ እንዳለብን አላውቅም። የምታውቁ ካላችሁ ከጾሙ በፊት ጻፉልኝ።

ግሬራ፣ የካቲት 9፣ ከምሽቱ 3፡45

ልጄ፣ ነገ ማታ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። ለጊዜው ሁለት ነገር ጻፊ፦ መናጫው የታጠነበትን ቀንና ወተቱ ሳይናጥ ስንት ቀን እንደረጋ። ከዚያ የወጣውን ቅቤ መዝኚው።